የአባባ ስድስት ጎራሽ

ጥቅምት 5

ለጭምቱ ወንድሜ፣

አሥራ አንድ ወር ድምፅህን አጥፍተህ ከረምክ። ደብዳቤህ ሲመጣ ደግሞ ስለ እኔ ጤና ግማሽ መስመር፣ ስለ ሽጉጥ ሁለት ገጽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያማርራል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። የመሣሪያ መጠገኛ ሱቁም እንዳለ ነው። አባባ ከሞተ ይኸው ስንት ዓመቱ፣ "ባለሙያው የለም?" እያለ የሚገባ ደንበኛ አሁንም አልጠፋም። "ባለሙያዋ እኔ ነኝ" ስለው ጠመንጃውን ወደ ደረቱ ያስጠጋል። ሁለተኛ ሲመጣ ግን "እትዬ" እያለ ነው።

እና የአባባን ስድስት ጎራሽ ከሣጥኑ ሥር አገኘኸው! እኔ የተሸጠ መስሎኝ ነበር። ይተኮስበታል ወይ ብለህ ለጠየቅከኝ፣ እንዲህ በደብዳቤ "አዎ" የምልህ ነገር አይደለም። አባባ ራሱ ከአያታችን ሲቀበለው አሮጌ ነበር። ደግሞ እንደ ዛሬው ሽጉጥ አይደለም። ከፊት በኩል ጥቁር ባሩድ ይሞላበታል፣ በላዩ ክብ አረር ይጠቀጠቃል፣ ከኋላ ደግሞ እሳት የምታስነሳ ትንሽ የመዳብ ቆብ ይደፋለታል። የሚበላሽበት ቦታ ብዙ ነው።

ከሁሉ በፊት ባዶ መሆኑን እወቅ። "ሰው የሚገድለው ባዶ ነው የተባለ መሣሪያ ነው" ይል ነበር አባባ። ስድስቱ ጉድጓዶች ያሉበትን ተሽከርካሪ፣ እሱ ከበሮው የሚለውን፣ አውጥተህ በየጉድጓዱ ቀጭን እንጨት ክተት። አንዱ ጋ እንጨቱ ካጠረብህ ከሥሩ የከረመ ባሩድ አለ ማለት ነውና እዚያው ተወው፣ እንዳትነካካው። ባዶ ከሆነ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙረህ ውስጡን እይ። ከዚያ ከበሮውን መልሰህ መምቻውን ሳብ። ከበሮው ዞሮ ቀጥ ማለት አለበት። በጣትህ ስትነካው እንደ ሕፃን ወተት ጥርስ የሚወዛወዝ ከሆነ አለቀለት። በጉድጓዶቹ መሀል ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። የዛሬ ዘመን ባሩድማ በአጠገቡም እንዳያልፍ፤ እጅህ ላይ ይፈነዳል።

እንዲያው ግን ለውሾች ብለህ ይህን ሁሉ? ውሻ ለማባረር ቆርቆሮ መምታት ይበቃል።

መልስህን ለመሥሪያ ቤታችሁ ሾፌር ስጠው። ሐሙስ ሐሙስ ወደ ግድቡ እንደሚወጣና ዓርብ እንደሚመለስ ነግሮኛል። እኔም ረቡዕ ረቡዕ አደርስለታለሁ። ባለቤትህንና ልጅህን ሳምልኝ።

እህትህ


ጥቅምት 7

ለእትዬ፣

ስለ ዝምታዬ ይቅር በይኝ። ምክንያት ፈልጌ ልጽፍልሽ ነበር፤ አጣሁ።

ያልሽውን አደረግሁ። እንጨቱ በስድስቱም እኩል ገባ፤ ባዶ ነው። አፈሙዙ ውስጥ ዝገት አለ፣ ወደ ጫፉ ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ የመሰለ ነገርም ይታያል። ከበሮው ዞሮ ይቆማል። ስነካው ትንሽ ይሄዳል፣ የጥፍር ውፍረት እንኳ አይሆንም። ከኋላ ቆቡ ከሚደፋባቸው ጫፎች ሁለቱ ዝገው አልፈታ ብለዋል። አራቱ ደህና ናቸው። የአባባ ባሩድ በጣሳው ውስጥ ደረቅ ነው።

እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ሰላም ትልሻለች። ይኸው ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ልጃችን ማባዛት ጀምራለች፣ ሰባት ላይ ትደናቀፋለች። ሥራው ያው ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ወርጄ የውሃውን ከፍታ አነባለሁ፣ በሬዲዮ እናገራለሁ፣ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ዝናቡ ካባራ ወዲህ የግድቡን በሮች የምከፍትበት ምክንያት የለም።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ስድስቱንም ባይጎርስስ? አንዱ ጉድጓድ ብቻ ደህና መሆኑ ቢታወቅ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይችላል ወይ? ውሻው አንድ ነው።

የእጅ ሰዓቴን ለሾፌሩ ሰጥቼዋለሁ፣ ያደርስልሻል። እዚህ እርጥበቱ እያበላሸው ነው። አንቺ ጋ ይቀመጥና ልጄ ስታድግ ትወስደዋለች።

ወንድምሽ


ጥቅምት 12

ወንድሜ፣

ሰዓቱ ደርሶኛል። ከፍቼ አየሁት። እርጥበት የሚባል አልነካውም፣ ከሱቁ የግድግዳ ሰዓት ጋር ሳስተያየው በአምስት ቀን ውስጥ አንዲት ደቂቃ አላዛነፈም። ልጅህ እስክታድግ ደግሞ ገና አሥር ዓመት አለ። እስከዚያ በምን ልታውቅ ነው ሦስት ጊዜ ወርደህ ውሃ የምትለካው?

በፊት ውሾች ነበር ያልከኝ። አሁን አንድ ሆነ። ሌሎቹ የት ሄዱ?

ለጥያቄህ ይኸው መልሴ፦ መሣሪያ በወሬ አይመረመርም። የጥፍር ውፍረት ያልከው የማን ጥፍር ነው፣ ያንተ ነው የእኔ? እኔ በሥራዬ ላይ "ሳይሆን አይቀርም" ብዬ አላውቅም። ደህና ነው እላለሁ ወይም አይደለም እላለሁ። ለዚህ ደግሞ ከበሮውን በእጄ መያዝ አለብኝ። ፈትተህ በጨርቅ ጠቅልልና በሾፌሩ ላክልኝ። ሳላየው እንዳትተኩስ። በአባባ አጥንት ይዤሃለሁ።

ስትመልስልኝ ደግሞ እነዚህን እንዳትረሳ። ምሳ ምን በላህ? ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ ተጠገነ? ሹራቡ ለማን ነው የሚሠራው? በየሳምንቱ ጥያቄ እልክልሃለሁ። ካልመለስክልኝ እቀየምሃለሁ፣ እኔ ስቀየም ደግሞ ታውቀኛለህ።

እህትህ


ጥቅምት 14

ለእትዬ፣

ከበሮውን መላክ አልችልም። ከላክሁት ባዶ እጄን ነው የምቀረው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የፈለግሁት። ለአንድ ጊዜ ይበቃል ወይስ አይበቃም? አንቺ ስትዪኝ እርግጠኛ እሆናለሁ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ሰው አልጠይቅም ነበር። ነገሩ መክሸፍ የለበትም።

ጣሪያው ተጠግኗል። ምሳ በልቻለሁ። ሹራቡ ለልጃችን ነው። ባለቤቴ ጉልበትሽን በላምባ እሺው ብላለች።

ቸኩዬ ነው፣ ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ ይጠብቀኛል።

ወንድምሽ


ጥቅምት 19

ወንድሜ፣

ጉልበቴን በላምባ እንዳሽ የመከረችኝ ሚስትህ ትናንት ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጥታ፣ አባባ ደንበኛ የሚያስቀምጥበት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

መስከረም ከገባ ጀምሮ እናቷ ቤት ናት አሉ። ከእኔ ሱቅ በእግር ሃያ ደቂቃ! ልጅህም አብራት ናት። ሹራብ የለም፣ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ሰው የለም። "ሂዱልኝ አለን፣ ፊታችሁን ማየት አልቻልኩም አለን" አለችኝ። አፍራ ነው እስካሁን ያልመጣችው። "የእሱ ነገር ካንቺ አይደበቅም ብዬ፣ ነግሮሻል ብዬ ነበር" አለች። ምንም አልነገረኝም አልኳት። ስለ ሽጉጥ ብቻ ነው የሚጽፍልኝ ስላት ፊቷ አመድ መሰለ።

የነሐሴውን ነገር ያወቅሁት ከእሷ ነው። ከፋፍላ ነው የነገረችኝ፣ አልጨረሰችውም። እኔም እንድትጨርሰው አላስገደድኳትም።

ውሻ የለም፣ አይደል? እንግዲህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ራስህን ልታጠፋበት ነው? ጠይቄሃለሁ። አትቆጣ፣ አትፈር፣ ዝም ብቻ አትበለኝ።

ሰው "ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው" ይላል። እኔ ግን ማጭዱ እንዴት እንደሚሳል ቁጭ ብዬ ሳስተምርህ ከረምኩ። ያንን የመጀመሪያ ደብዳቤ እየሳቅሁ ነው የጻፍኩት። ትዝ ሲለኝ እጄን ምን ልበለው?

ዛሬ ጠዋት መሥሪያ ቤታችሁ ሄድኩ። መንገዱ ለተሳፋሪ ዝግ ነው፣ ያለ ፈቃድ ማንም አይወጣም አሉኝ። ፈቃድ ደግሞ ሁለት ሳምንት ይፈጃል አሉ። "ወንድሜ ታሟል" አልኳቸው። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠና "የዛሬ ጠዋቱን ከፍታ ልኳል፤ ሁለት ሜትር ከአሥር። የታመመ ሰው ሪፖርት አይልክም" አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ሾፌሩን ግን ሁሉንም ነግሬዋለሁ። ብትቀየመኝም ተቀየመኝ።

በእግርህ ሥር ወድቄ እለምንሃለሁ። ባሩዱን ወንዙ ውስጥ ድፋው። ከበሮውን ላክልኝ። እሱን ብቻ። ቀሪው ብረት አንተው ጋ ይሁን። አሸንፈኸኛል፣ የፈለግኸውን ስደበኝ፣ ከበሮውን ብቻ ላክልኝ።

እህትህ


ጥቅምት 21

ለእትዬ፣

ውሻ የለም።

ለጠየቅሽኝ ቀጥታ መልስ መስጠት አልቻልኩም። ብዕሩን ይዤ ስንት ጊዜ ተቀመጥኩ። ያልጨረሰችልሽን ልጨርስልሽ።

የማስጠንቀቂያው ሳይረን ሐምሌ ላይ ተቃጠለ። ሁለት ጊዜ ሪፖርት አደረግሁ። ሦስተኛ ማድረግ ነበረብኝ፣ ሰለቸኝ። ነሐሴ 24 ቀን ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ የግድቡን በሮች ክፈት ተባልኩ። ውሃው ከአፍ ደርሶ ነበር፣ ባልከፍት ግድቡ ይደረመሳል። ሳይረን ከሌለ ደንቡ መጀመሪያ ከግድቡ በታች ወዳለው የወንዝ መሻገሪያ ሮጠሽ ሰው አስጠንቅቀሽ፣ ከዚያ ተመልሰሽ ክፈች ይላል። አርባ ደቂቃ ነው። እኔ በዚህ ዝናብ ማን ይሻገራል አልኩና ከፈትኩ። ከከፈትኩ በኋላ ሮጥኩ። የሰው ነገር! ከከፈትኩ በኋላ።

ባልና ሚስት ነበሩ። በዕድሜ የገፉ ናቸው። እሱ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር። ጮህኩ፣ እጁን አነሣልኝ። ሰላም ያልኩት ነው የመሰለው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አልጽፍልሽም።

አጣሪዎች መጡ፣ ጠየቁ፣ ሄዱ። ጥፋት የለብህም የሚል ወረቀት ላኩልኝ። ማኅተም አለበት። ባለቤቴ ወረቀቱን አይታ እፎይ አለች፣ እኔ እፎይ ማለቷን መታገሥ አቃተኝና አባረርኳት። ልጄ "አባ ሰባት ጊዜ ሰባት ስንት ነው?" ስትለኝ እንኳ ያ የተነሣ እጅ ነበር የሚታየኝ።

ከበሮውን ልኬልሻለሁ፣ በጨርቁ ውስጥ ነው። ባሩዱን አልደፋሁትም። መርምሪና እውነቱን ንገሪኝ። አንቺ በመሣሪያ ነገር ዋሽተሽ አታውቂም። በቀረው ነገር ሁሉ የሚነግረኝን ሰው ማመን አልቻልኩም።

ወንድምሽ


ጥቅምት 26

ወንድሜ፣

ከበሮው ደረሰኝ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቼ መረመርኩት፤ ሰኞም ደገምኩት።

ስንጥቅ አለው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ጉድጓድ መሀል፣ በዓይን የማይታይ፣ ወደ ውስጥ የሄደ ስንጥቅ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ አይችልም። ቢተኮስበት ወደ ጎን ይፈነዳና ሰው አካለ ስንኩል ያደርጋል እንጂ ሌላ አያደርግም። የሚጠገንም አይደለም። ስለዚህ አልመልስልህም፣ እኔው ጋ ይቀመጣል።

ስለ ቀረው ነገር የጻፍክልኝን አራት ጊዜ አነበብኩት። ጥፋት የለብህም አልልህም። እዚያ የነበርከው አንተ ነህ፣ ወረቀት የላኩት ሰዎች አይደሉም። ያለፈውን የምመልስበት አቅምም የለኝም። የምልህ አንድ ነገር ነው። የእናታችን ልጆች ሁለት ነበርን፣ ብቻዬን አታስቀረኝ።

በየቀኑ ጠዋት መሥሪያ ቤታችሁ እሄዳለሁ። ጸሐፊው ለምዶኛል። ገና በሩ ላይ ሲያየኝ "ሁለት ሜትር ከስምንት" ይለኛል። ለእሱ የውሃ ከፍታ ነው። ለእኔ ትንፋሽህ ነው።

እህትህ


ኅዳር 3

ወንድሜ፣

ሾፌሩ ባዶ እጁን ተመለሰ። "በሩን ደጋግሜ አንኳኳሁ፣ ከውስጥ ተዘግቷል፣ ጭስ የለም፣ ድምፅ የለም። ደብዳቤሽን በበሩ ሥር አስገባሁት" አለኝ። "ለምን አልሰበርከውም?" ብዬ ጮህኩበት፣ ምስኪኑን። "እትዬ፣ ዓርብ ጠዋት ልወርድ ስል ወደ መለኪያው ሲወርድ ከሩቅ አየሁት፤ ጠራሁት፣ አልዞረም" አለኝ። በዚያ ተጽናናሁ። ቅዳሜ ግን መሥሪያ ቤት ስሄድ ጸሐፊው አንገቱን ደፋ። የጠዋቱ ከፍታ አልመጣም። የቀትሩም አልመጣም። የማታውም አልመጣም። ያንን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቀኝ። ከሚስትህ ጋር መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ዋልን። እሑድ ጠዋት ዘበኛው ሮጦ ወጣና "ሁለት ሜትር ከአምስት!" አለን። ተቃቀፍን፤ ዘበኛውንም አቀፍነው።

ታዲያ ቅዳሜ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት አንድ ነገር ነበር። በሕይወት ካለ እውነቱን እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ዋሽቼሃለሁ። ከበሮው ስንጥቅ የለበትም። ጤነኛ ነው፣ የአባባ እጅ ያረፈበት ነው፣ ምንም የለውም። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሱቅ ውስጥ ለሀብታምም ለሹምም ያልዋሸሁትን ላንተ ዋሸሁ። ያንን በሌላ መንገድ ብትደርስበት እህቴ ውሸታም ናት ትላለህ፣ ያኔ እወድሃለሁ ያልኩህንም ትጠራጠረዋለህ። ያ እንዳይሆን ነው የምነግርህ።

እውነቱን ነገርኩህ ማለት ግን ከበሮውን እመልስልሃለሁ ማለት አይደለም። ሰኞ ጠዋት ሞርሳው ላይ አሰርኩትና በብረት መጋዝ ለሁለት ከፈልኩት። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፣ ሦስት የመጋዝ ምላጭ ጨረስኩ። ደንበኛ ገብቶ "እትዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?" ቢለኝ "እየጠገንኩ ነው" አልኩት። አባባ ቢያየኝ ምን ይል እንደነበር አላውቅም። ይበል።

ፈቃዱ ተፈርሟል። የሚቀጥለው ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ እመጣለሁ። እስከዚያ በሩን ክፈትለት። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

እህትህ


ኅዳር 5

ለእትዬ፣

ትናንት በሩን ከፈትኩለት። ሾፌሩ ሲያየኝ ጭነቱን ሳያወርድ መጀመሪያ ዳቦ ቆርሶ ሰጠኝ።

ከበሮው ጤነኛ መሆኑን ሳልልክልሽ በፊት አውቅ ነበር። አባባ ሲያደርግ ያየሁትን አድርጌ ነበር። ላምባ ውስጥ አሳድሬ፣ በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ፣ በጠመኔ ቀባሁት። ስንጥቅ ቢኖር ላምባው ጠመኔው ላይ መስመር ያወጣ ነበር። ምንም አላወጣም፣ ነጭ እንደሆነ ቀረ። እያወቅሁ ላክሁልሽ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፤ አሁን ሳስበው እንድትወስጂልኝ ነው መሰለኝ።

ያን ሐሙስ በሩን ያልከፈትኩት ሰው ፊት መቆም አቅቶኝ ነው። ደብዳቤሽን ዓርብ አነበብኩት። "ስንጥቅ አለው" የሚለው ላይ ስደርስ ደግሜ አነበብኩት። እትዬ ስለ መሣሪያ ዋሸች። ከስሟ በላይ የምትወደው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ወረቀቱን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ከነሐሴ ወዲህ አልቅሼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ከፍታውን ሳልለካ ወደ ታች መንደር ወረድኩ። የሟቾቹ ልጅ አናጢ ነው። ደጁ ላይ በር ሲልግ አገኘሁት።

"ከላይ የከፈትኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

መላጊያውን አስቀመጠ። "ሁለት ወር ሙሉ ስጠብቅህ ነበር" አለኝ።

"ምን ልታደርገኝ?"

"እኔ እንጃ። ሲመጣ አውቃለሁ ብዬ ነበር።"

ሁሉንም ነገርኩት። የሰለቸኝን፣ አርባ ደቂቃውን፣ የተነሣውን እጅ። አላቋረጠኝም። ስጨርስ የበሩን ፍቅፋቂ በእጁ ጠረገ። ከዚያ "ይቅር አላልኩህም" አለኝ። "አውቃለሁ" አልኩት። "ሳይረኑስ? አሁን ይጮኻል?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አይጮኽም" አልኩት። "ጻፍኩላቸው፣ አልመለሱልኝም።"

"ታዲያ እዚህ ተቀምጠህ ምን ታወራኛለህ? ልጆቼ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚያው መሻገሪያ እኮ ነው።"

ይህን ብሎ መላጊያውን አነሣ። አቀበቱን ስወጣ መሸ።

እሑድ ከፍታውን ልኬ ከላክሁ በኋላ ባሩዱን ወንዙ ውስጥ ደፋሁት። ከዚያ ምሰሶው ላይ ወጥቼ የሳይረኑን ሞተር አወረድኩ። በዚህ መኪና ልኬልሻለሁ፣ ከባድ ነውና ብቻሽን እንዳታነሺው። የሽቦው ጥቅል ተቃጥሏል። ከሱቅሽ ጀርባ ሞተር የሚጠመጥም ሰው ነበር፣ ካለ ስጪው። ሽፋኑ ላይ የውኃ መግቢያ የሆነ ስንጥቅ አለ፤ ይኼ እውነተኛ ነው፣ እይልኝ።

ለባለቤቴ የጻፍኩት በዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። አትክፈችው።

ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። ሌሊቱን አልተኛም፣ እጁም ይታየኛል። የሽጉጡን ቀሪ ብረት ለሾፌሩ ሰጥቼዋለሁ። ነገ ምን እንደምሆን ቃል መግባት አልችልም። ሐሙስን ግን ቃል እገባልሻለሁ። ሞተሩን ይዘሽ ስትመጪ የሚያወርድልሽ ሰው ያስፈልግሻል፤ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

ወንድምሽ